የማታው ክፍል

ሰውየውን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ “አፈ ቅቤ” ይሉታል። የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ፣ “ልበ ጩቤ” የሚለውን፣ ማንም አያስከትልበትም። ልቡ እንኳን ጩቤ ሊሆን የማንኪያ ያህል ስለት እንደሌለው ሁሉም ያውቃል። ልጅ ሳለ እናቱ ከጎረቤት ጋር ስትኳረፍ ለእርቅ የምትልከው እሱን ነበር። ለጎረቤትየዋ “እናቴ ጥፋቱ የኔ ነው ብላለች” ይላታል። ለእናቱ መጥቶ ደግሞ ያንኑ ገልብጦ ይነግራታል። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው ሲላቀሱ እሱ ደጅ ቆሞ ይኩራራል። ውሸት መናገሩ ትዝ ብሎት አያውቅም። የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አይሆንለትም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

አድጎም እንጀራው ይኸው ምላሱ ሆነ። የሚሠራበት የግል ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ነው፤ ያለው አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ብቻ ነው። ምድር ቤቱን መድኃኒት ቤትና ጫማ ቤት ይዘውታል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ድሮ ቢሊያርድ ቤት ነበር። የሰውየው ሥራ ተማሪ ማምጣትና መመዝገብ ነው። ምዝገባው ሲቃረብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን እየዞረ ጠረጴዛውን ይዘረጋል፣ በራሪ ወረቀቱን ያድላል። ወረቀቱ ላይ ለምለም ሣር ያለው ግቢ ይታያል። ሣሩ ከጎናቸው ያለው የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። አንድ አባት ሕንፃውን ሊጎበኙ መጥተው “ሣሩስ የት አለ?” ቢሉት፣ “አባቴ፣ ልጅዎን የሚያመጡት ለትምህርት ነው ለአጨዳ?” አላቸውና አባትየው ራሳቸው እስኪያነቡ ሳቁ። ልጃቸውንም አስመዘገቡ።

ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ነገርን በስሙ የምትጠራ ዓይነት ሴት። “አንተ ሰውዬ፣” ትለዋለች፣ “ለሰው ሁሉ እሺ ያልከው ተጠራቅሞ አንድ ቀን ደጃችንን ያንኳኳል።” እሱም “እሺ” ይላታል።

የአናጢው ልጅ የመጣችው ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ነበር። ጥቁር ሹራቧ ላይ ሰጋቱራ ተበትኖበታል፤ ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት ልብሷን አራገፈችና ወለሉን ስላቆሸሸች ይቅርታ ጠየቀች። የአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለሞተች አባቷን ቤትም ሥራም የምታግዝ እሷው ናት። በጣውላ መሰንጠቂያው ማሽን ላይ አባት ይገፋል፣ ልጅ ከወዲያ ተቀብላ ትስባለች።

“ኮምፒውተር ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ፣” አለች። “ግን በማታ ነው። ቀን አባቴን ትቼው መምጣት አልችልም። የማታው በእርግጥ ይከፈታል?”

እንግዲህ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ስብሰባ ነበር። ዲኗ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ መስቀል የሚወዱ ጠና ያሉ ሴት፣ በግልጽ ተናግረው ነበር፦ “የማታው ክፍል በዚህ የተመዝጋቢ ቁጥር አይከፈትም። ወደ ቀን እናጥፈዋለን። እስኪመዘገቡ ድረስ ግን ለማንም እንዳትነግሩ፤ ይበተኑብናል።” ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። እሱም ነቀነቀ።

አሁን ልጅቷ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። ከአፉ “አይከፈትም” የሚለውን ቃል ከሰማች ያ ፊት እንዴት እንደሚሆን ገና ሳይሆን ታየው። አፉ ቀደመው።

“ይከፈታል ወይ ትያለሽ? ተከፍቷል በይ እንጂ!”

ከሰዓት በኋላ አባቷን ይዛ ተመለሰች። አናጢው አጭር፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ናቸው፤ ጆሯቸው ላይ የሰኩትን እርሳስ ረስተውት መጥተዋል።

“ወንድሜ፣” አሉት፣ “እኔ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ከውጭ ነው የማውቀው። እውነቱን ንገሩኝ። ቀን ቀን ከሄደች ማሽኑ ላይ ብቻዬን መቅረቴ ነው። አምና አንድ ልጅ ቀጥሬ፣ ስልኩን እያየ ጣውላ እግሬ ላይ ጥሎብኛል። ቀን ከሆነ ሌላ ዘዴ ልፈልግ፤ ማታ ከሆነ ግን እሰየው።”

“ማታ ነው አባባ። በኔ ይሁንብዎት።”

አናጢው እጃቸውን ዘረጉለት። እንደ ጣውላ የጠነከረ መዳፍ ነበር፤ የሰውየውን እጅ ውጦ ያዘው። “በርስዎ ከሆነማ ምን አጨነቀኝ፣” አሉ።

ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ የማታ ተመዝጋቢዎች ከቀኖቹ ጋር እንዲማሩ። ልጅቷ ማስታወቂያውን አንብባ በቀጥታ ወደ እሱ ቢሮ መጣች። አልጮኸችም። ብትጮኽበት ይሻለው ነበር።

“ጋሼ፣ ተከፍቷል ብለውኝ ነበር እኮ።”

“ይሄ ለጊዜው ነው፣” አላት። “በሚቀጥለው ሴሚስተር ይከፈታል። እስከዚያ አባባ ትንሽ ይታገሡ በያቸው።”

እንዲህ ያለውን ነገር ማንም አልነገረውም። ከራሱ አፍልቆ ነው። ደግሞ ከተናገረው በኋላ ደስ የሚል ነገር ስለሆነ እሱም አመነው። ልጅቷ የተባለችውን ለአባቷ ነገረች፤ አባትየው “ለጥቂት ወር ከሆነማ እችለዋለሁ፣ አንቺ ብቻ ተማሪ” አሏት። እሷም ቀን መማር ጀመረች።

በሚቀጥሉት ሳምንታት ሰውየው ከሩቅ ይከታተላት ነበር። መጀመሪያ ላይ ደረጃው ላይ ብቻዋን ነበር የምትቀመጠው። ሹራቧ ላይ ያለውን ሰጋቱራ አይተው ሁለት ልጆች ሲጠቃቀሱም አየ። ቆይቶ ግን ነገሩ ተለወጠ። በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ የሚወላገደውን ጠረጴዛ እግሩን ጠርባ አስተካከለች፤ ከዚያ ወዲያ ልጆቹ እየተጣሩ ያስቀምጧት ጀመር። የቡድን ሥራ ሲሰጥ ይሻሟታል። ካፌው ውስጥ ስትስቅ ድምፅዋ እስከ ኮሪደሩ ይሰማል። የክፍሉ ተጠሪ ሆና ተመረጠች። ሰውየውም ልቡ ረጋ። “ይኸውልህ፣” ይላል ለራሱ፣ “ያን ዕለት እውነቱን ብነግራት ኖሮ ይሄኔ የት ነበረች? ሰጋቱራ ውስጥ!” ለሚስቱም እንዲሁ ቢላት፣ እሷ ደብተር ማረሟን ሳታቋርጥ፣ “አባቷስ የት ናቸው?” አለችው። እሱም ወሬ ለወጠ።

አንድ ቀን ወላጆችን ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ክፍሉን እያስጎበኘ ነበር። “እዚህ የሚማር ልጅ፣” እያለ ነው፣ “ሥራ አይፈልግም፣ ሥራ ነው እሱን የሚፈልገው!” ወላጆቹ ሲስቁ፣ በኮሪደሩ የሚያልፉ ሁለት ተማሪዎች ሲያወሩ ሰማ።

“ተጠሪያችን ለምን እንደቀረች ሰማሽ? አባቷን ማሽን በላቸው። ጣታቸውን።”

“ውይ! ሰው አልነበረም እንዴ አጠገባቸው?”

“ብቻቸውን ነበሩ አሉ።”

አንዲት እናት የሆነ ነገር ጠየቀችው። አፉን ከፈተ። ያ ሳይጠሩት የሚመጣ ቃል አልመጣም። ወላጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አሞት መሰላቸው።

ወዲያው ሄዶ ጠየቃቸው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልሄደም። ጎብኚ አለብኝ፣ ስብሰባ አለብኝ እያለ ቀናት አለፉ። የአናጢው ቤት ያለበትን መንገድ ትቶ በዙሪያ ይገባ ጀመር። አንድ ጊዜ ብርቱካን ገዝቶ ሆስፒታሉ ድረስ ሄደ። ከክፍሉ በር ላይ ሆኖ አየ፤ አባትየው ክንዳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝተዋል፣ ልጅቷ እግራቸው ሥር ወንበር ላይ እንዳለች አንገቷን ደፍታ እንቅልፍ ወስዷታል። ወለል የምትጠርግ ሴት “ግባ እንጂ ወንድሜ፣ ዘመድ ነህ?” አለችው። “አይ” ብሎ ብርቱካኑን ለእሷ ሰጥቷት ወጣ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ፊቱን አየችና ልጆቻቸውን ወደ ውጭ ላከቻቸው። ሁሉንም ነገራት፤ የጠዋቱን ስብሰባ፣ “በኔ ይሁንብዎት” ማለቱን፣ “በሚቀጥለው ሴሚስተር” ያለውንም።

“እኔ ላጽናናህ አልችልም፣” አለች ሚስቱ። “እኔን አይደለም የበደልከው። ሄደህ ፊታቸውን እየው።”

ሄደ። አናጢው ቤታቸው ተመልሰዋል። ማሽኑ ሸራ ለብሷል። ልጅቷ ብቻዋን በእጅ መጋዝ የወንበር እግር ትቆርጣለች። አናጢው ሲያዩት ደስ ብሏቸው ተነሡ፣ በግራ እጃቸውም ጨበጡት። ከቀኝ እጃቸው ፋሻ የወጡት ጣቶች ሦስት ብቻ ናቸው።

“እርስዎ እኮ ነዎት ልጄን ለወግ ለማዕረግ ሊያበቁልኝ የነበሩት፣” አሉት። “የኔ ዕድል ሆኖ ተሰናከለች እንጂ። እግዜር ይስጥልኝ።”

ይሰድቡኛል ብሎ የመጣ ሰው ምስጋና ሲሰጡት የሚገባበት ይጠፋዋል። “እግዜር ይማርዎት” ከማለት ሌላ አልተነፈሰም። ሲወጣ ልጅቷ እስከ መንገዱ ሸኘችው። ትምህርቱን አቋርጣለች፤ አትመለስም።

“ልንገርሽ የምፈልገው ነገር አለ፣” አላት። ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር። “የዚያን ዕለት የማታው እንደማይከፈት አውቅ ነበር። የሚቀጥለው ሴሚስተር ያልኩሽም ከራሴ ነው።”

ልጅቷ መንገዱን አየች። አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቀች።

“ማስታወቂያው ሲወጣ ትቼ መመለስ እችል ነበር፣” አለች። “አልተመለስኩም። ወደድኩት። ካፌ ቁጭ ብዬ ስስቅ አባቴ ብቻውን ጣውላ እየገፋ መሆኑን አውቃለሁ፤ እያወቅኩ እስቃለሁ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ጠቅልለው አይውሰዱብኝ፤ የኔም ድርሻ አለኝ።” ቀጥሎ ግን ድምፅዋ ጠነከረ። “ቢሆንም እሱን ‘በኔ ይሁንብዎት’ ብለውታል። እሺ፤ በርስዎ ይሁን። ምን ያደርጋሉ?”

“አላውቅም” አላት። በሕይወቱ “አላውቅም” ያለበትን ቀን ቢጠይቁት የሚያስታውሰው ይህንን ነው።

በማግስቱ ዲኗ ዘንድ ገባ። የማታው ክፍል ይከፈትልኝ አለ። ዲኗ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

“አዝኛለሁ ስለ ሰውየው። ግን አንተ ምን ቤት ነህ? እንዳይነገር ያልኩት እኔ ነኝ። ዝም ያልነውም ሁላችን ነን።”

“ዝም ያልነውስ ሁላችንም ነን። በኔ ይሁንብዎት ያልኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።”

ዲኗ መነጽራቸውን መልሰው አወረዱ። “ሰው ካመጣህልኝ እከፍታለሁ። በባዶ ክፍል አስተማሪ አላቆምም።”

ሰውየውም ቀን የሚሠራ ሰው ፍለጋ ጋራዥ ለጋራዥ፣ ልብስ ስፌት ቤት፣ ፀጉር ቤት ይዞር ጀመር። በራሪ ወረቀቱን ትቶታል። “ይከፈት አይከፈት አላውቅም፣” ይላል። “በቂ ሰው ከሆናችሁ ይከፈታል፤ ካልሆናችሁ እኔው ደውዬ አይከፈትም እላችኋለሁ።” አንዲት ፀጉር ሠሪ መቀሷን እንደያዘች ከት ብላ ሳቀች፦ “አንተ ሰውዬ፣ ልታስገባን ነው የመጣኸው ልታባርረን?” በመጀመሪያው ሴሚስተር አልሞላም። ለእያንዳንዱ ደወለ። አንዳንዱ ሰደበው፣ አንዳንዱ አመሰገነው፤ ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ “አንተ ባትደውል ነበር የሚገርመኝ” አለችው። የሰውን ፊት ማጥቆር በስልክም ቢሆን እንደሚከብደው አወቀ። ቢሆንም ደወለ።

ሥራ በሌለው ቀን ደግሞ እየሄደ ልጅቷ ስትገፋ ከወዲያ ማዶ ጣውላ ይቀበል ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው ልጅቷን ነው፤ ትከሻዋን ነቅንቃ “እንደፈለጉ” አለችው። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አልነበረም። ጣውላውን አጣምሞ ይስባል፣ ሰጋቱራ ዓይኑ ውስጥ ሲገባበት እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ አናጢውም ወንበር ላይ ሆነው “ልጄ፣ ጣውላውን በወሬ አታሳምነው፣ ሳበው!” እያሉ ይሳለቁበታል። ከእርስዎ ወደ አንተ የተሻገሩት በዚያ ሰሞን ነው። ቁስላቸው ሲድን እሳቸውም ወደ ማሽኑ ተመለሱ። ለጎረቤት፣ ለደንበኛ ሁሉ “ይሄን ሰው ታያላችሁ? ዘመዴ አይደለም፣ ምኔም አይደለም። እንዲሁ ደግ ሰው ሆኖ ነው” ይላሉ። እሱ በዚህ ጊዜ ጎንበስ ብሎ የወደቀ ምስማር ይፈልጋል። ሊነግራቸው አስቦ ስንቴ አፉን ከፈተ! ስንቴስ “ውኃ ልጠጣ” ብሎ ዘጋው! እውነቱን ለልጅቷ፣ ለሚስቱ፣ ለዲኗ ተናግሯል። ለሚመለከታቸው ሰው ብቻ አልተናገረም።

በዓመቱ ሰው ተሟላ፤ ለማታ ሳይሆን ለቅዳሜና እሑድ። ልጅቷ ተመልሳ ተመዘገበች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ስትወጣ እሱ ሊተካት ሲመጣ በር ላይ ተገናኙ።

“እኔ ተመልሻለሁ፣” አለችው ቀስ ብላ። “እሱ ግን እስከዛሬ ደጉ ሰው ይልዎታል። እኔ እንዳልነግረው የርስዎ ነገር ነው ብዬ ተውኩት። እስከ መቼ ነው?”

የዚያን ቀን ማሽኑን ገና ሳያስነሡ ነገራቸው።

“አባባ፣ ያን ዕለት ቢሮዬ የመጡ ዕለት… የማታው እንደማይከፈት ተነግሮኝ ነበር።”

አናጢው ቀና አሉ። “መቼ ነው የተነገረህ?”

“ጠዋት።”

“እኔ የመጣሁት ከሰዓት ነበር።”

“አዎ።”

“በሚቀጥለው ሴሚስተር ያልከውስ?”

“እሱንም እኔ ነኝ የፈጠርኩት።”

አናጢው እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሲናገሩ አልጮኹም። “እንዲህ ባትለኝ ልጄን የማስቀራት መስሎህ ነው? አላስቀራትም ነበር። ሰው እቀጥር ነበር። ያን ስልኩን የሚያየውን እንኳ ቢሆን መልሼ እቀጥረው ነበር። ለጥቂት ወር ነው፣ ማታ ይከፈታል እያልኩ ነው ብቻዬን የቆየሁት።” ከዚያ ወደ በሩ ተመለከቱ። “በል ሂድ። ዛሬ ፊትህን ማየት አልችልም።”

ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጣ አይምጣ አላወቀም፤ ቀረ። የሚቀጥለውንም ቀረ። ልጅቷን ኮሪደሩ ላይ ሲያገኛት ሰላም ትለዋለች፣ ስለ አባቷ ግን አታነሣም። አባትየው ሰው ቀጥረዋል ሲባል ሰማ፤ ቀጥሎ ደግሞ አባረሩት ሲባል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

“ቁም ሣጥን ማስረከብ አለብኝ፣” አሉ አናጢው ሰላምታ ሳይሰጡ። “ልጅቷ ፈተና ላይ ናት። መምጣት ትችላለህ?”

“እመጣለሁ።”

“እውነትህን ነው?”

“እውነቴን ነው።”

ደንበኛዋ የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው። ቁም ሣጥኑን አናጢው ከላይ፣ እሱ ከታች ሆነው ይዘው ሲወጡ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይም ወደ ታችም እንቢ አለ። ሴትዮዋ ከላይ ሆና “ግድግዳዬን! ኧረ ግድግዳዬን!” ትላለች። አናጢው “እትዬ፣ ግድግዳው ነው እኮ ሣጥኔን የያዘው!” አሏትና ሳቃቸው መጣ፤ ሲስቁ ቁም ሣጥኑም አብሮ ይነቃነቃል። ሰውየው መሳቅ አልቻለም። ከታች ሆኖ ቀና ሲል የሚታየው የእንጨቱን ጠርዝ ጨምድደው የያዙት ሦስት ጣቶች ናቸው። ጣቶቹ በድካም ነጭ ሆነዋል። ክብደቱን ወደ ራሱ ለመሳብ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥቶ ትከሻውን አስገባበት።

“ቀስ፣” አሉት አናጢው። “እኔ ስልህ።”

አስገቡት። ሴትዮዋ ውኃ ሰጠቻቸው። አናጢው ብርጭቆውን ሲመልሱ፣ “ለሚመጣው ቅዳሜ በጠዋት ና፣ የሚሰነጠቅ ብዙ አለ” አሉትና ደረጃውን ቀድመውት ወረዱ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ “እህ፣ ምን አሉህ?” አለችው።

“ምንም አላሉኝም። ቅዳሜ ና ነው ያሉኝ።”

“ታዲያስ?”

“ታዲያማ እሄዳለሁ።”

ይቅር ብለውኛል ሊላት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ብትሰማው ደስ እንደሚላት ያውቃል። እርግጠኛ ስላልሆነ አላለም።